ሻንጣ ያዘለው ኤስ

ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ወደምሠራበት የኅትመት ሱቅ መጥተው የባለቤታቸውን ማረፍ የሚገልጽ 60 ካርድ አዘዙ። ጽሑፉን በእጃቸው ጽፈው ነው ያመጡት። ቁጭ ብዬ መታሁት፤ ናሙናውንም በወፍራም ወረቀት አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፣ ጠረጉት፣ አጠለቁት፣ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ ጣታቸውን ስሙ ላይ አሳርፈው «ይህ ባለቤቴ አይደለም» አሉኝ።

የሌላ ደንበኛ ወረቀት የሰጠኋቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። አየሁት፤ የእርሳቸው ነው። የልደት ቀኑ፣ የሞት ቀኑ፣ የቀብሩ ሰዓት ሁሉም በቦታው አለ። የቤተሰቡን ስም እዚህ ቀይሬዋለሁ፤ «ቫይስ» እንበለው። ነጭ ማለት ነው፤ በጀርመን አገር እንደ እኛ ከበደና አበበ የበዛ ስም ነው። የመረጡት የካርድ ዓይነት ስምን በትልልቅ ፊደላት ብቻ የሚጽፍ ነበር። እኔም የስሙን የመጨረሻ ፊደል ወደ ትልቅ ስቀይር እንደ ለመድኩት ሁለት ኤስ አደረግኩት። እርሳቸው በእጃቸው የጻፉት ግን በአንዲት ኤስትሴት (ß)፣ የኤስን ድምፅ በምትሰጥ የጀርመኖች ፊደል ነው።

«ወይዘሮ ቫይስ፣ ድምፁ እኮ አንድ ነው» አልኳቸው።

ይህን ብዬ ሳልጨርስ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከዚህ ቀደም ተናግሬው እንደማውቅ ትዝ አለኝ። ያኔ በአማርኛ ነበር። ዘመኑ 1995 ዓ.ም. ነው፤ የሰማኝም አባቴ ነው። ካርዱ ከታተመ ወራት አልፈዋል፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ፎንቱ ያልተጫነበት አገር

ከእነዚህ ፊደላት ጋር የተዋወቅነው ጀርመን አገር አይደለም፤ ፒያሳ ነው።

ወጣት ሳለሁ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልመታሁት የለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ነገሩ እኛ ሱቅ ለመድረስ ጊዜ ወስዶበታል። እኛ የምንጠቀምባቸው ፎንቶች ለላቲን ፊደላት በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የአማርኛውን መልክ የሚደርቡ ነበሩ። ከሥር ያለው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ አማርኛው የለበሰው ልብስ ነው። ደንበኛ ጽሑፉን በዲስኬት ይዞ ይመጣል። ያ ፎንት እኛ ዘንድ ከሌለ ልብሱ ይወልቃል፤ ስክሪኑም ራሳቸው ላይ ሁለት ነጥብ በጫኑ፣ ቆብ በደፉ፣ ጭራ ባበቀሉ ፊደላት ይጥለቀለቃል። ከመካከላቸው እግሯ ያልተዘጋ ቢ የምትመስል አንዲት ነበረች። ስሟን አላውቅም ነበር። ለእኔ የአንድ ምስኪን ደንበኛ ማመልከቻ መሞቱን የምታረዳ ፊደል ነበረች።

ስለዚህ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ወርጄ የሻንጣ መቀበያውን የሚያመለክተውን ሰሌዳ ቀና ብዬ ሳየው፣ ከጀርመንኛው ቃል መሐል ሁለት ነጥብ የጫነች አ አፈጠጠችብኝ። በዚያ በእንቅልፍ እጦት በደነዘዘ ጭንቅላቴ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ፎንቱን አልጫኑትም» የሚል ነበር። ይህን ያህል የሠለጠነ አገር!

ይዤው የመጣሁት ላፕቶፕ የአሜሪካ ኪቦርድ ያለው ነበር። ነጥቦቹን ጌጥ አድርጌ ስለቆጠርኳቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ዝም ብዬ እተዋቸው ነበር። በነጥብ የለሽ ጀርመንኛ አሥራ ሁለት የሥራ ማመልከቻ ልኬያለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ምን እንዳፈሰስኩ የገባኝ ቋንቋ አስተማሪያችን አንዱን ወረቀት ስታነብልኝ ነው። ለካ በዚህ ቋንቋ ያለፈውን ከሚመኙት የሚለዩት እነዚያ ሁለት ነጥቦች የሆኑባቸው ቃላት አሉ። «መጥቼ ላነጋግራችሁ እችል ይሆን?» ብዬ በትሕትና የጻፍኩት፣ ነጥቦቹ ሲረግፉ «መጥቼ ላነጋግራችሁ ችዬ ነበር» ሆኗል። አሥራ ሁለት ድርጅቶች ያልተካሄደ ቃለ መጠይቅ ትዝታዬን አንብበዋል።

ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን በቃሌ ያዝኩ። አልት የሚባለውን ቁልፍ ጫን ብሎ ይዞ፣ በቀኝ ጠርዝ ካለው የቁጥር ሰሌዳ 0228 ሲመቱ ባለ ነጥቧ አ ትመጣለች። 0246 ኦን፣ 0252 ኡን ያመጣል። 0223 ደግሞ ያችን የፒያሳ መርዶ ነጋሪ። ከላይ በተርታ ባሉት ቁጥሮች ቢሞከር እሺ አይልም፤ ላፕቶፔ ደግሞ የቁጥር ሰሌዳ አልነበረውምና ለብቻው የሚሰካ ገዛሁ። የጀርመን ኪቦርድ ብገዛ ሦስቱ ባለ ነጥቦች በቀኝ ትንሿ ጣት ሥር፣ አራተኛዋ ከዜሮ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። አልገዛሁም። እልህ ይመስለኛል። በስልክ ከሆነ ቀላል ነው፤ ፊደሏን ተጭነው ሲቆዩ ዘመዶቿ ተሰልፈው ይወጣሉ። እኔ ግን ትራም ውስጥ ተቀምጬ እንደ ቄስ ተማሪ «ዜሮ ሁለት ሁለት ስምንት፣ ዜሮ ሁለት አራት ስድስት» እያልኩ እወጣ ነበር።

ከንፈርና ምላስ

መምታቱን ቻልኩ፤ መናገሩ ግን ሌላ ጉድ ነው።

አስተማሪያችን ለባለ ነጥቧ ኡ የሰጠችን መመሪያ አጭር ነበር። «ኢ» በሉ፤ ምላሳችሁን አታንቀሳቅሱ፤ ከዚያ ከንፈራችሁን ብቻ ሻማ እንደምታጠፉ አሞጥሙጡ። ለባለ ነጥቧ ኦ ደግሞ «ኤ» ብሎ ጀምሮ ያንኑ መድገም ነው። ሲነገር ቀላል ነው። የእኛ ከንፈርና ምላስ ግን በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ ኡ እና ኦ ስንል ከንፈር ሲሞጠሞጥ ምላስም አብሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ኢ እና ኤ ስንል ምላስ ወደ ፊት ሲመጣ ከንፈር ወደ ጎን ይሸሻል። አንዱን ፊት አስቀርቶ ሌላውን ማሞጥሞጥ ማለት ቀንበሩን መፍታት ነው። መስተዋት ፊት ቆሜ ብዙ ማታ ፈጅቻለሁ፤ የቤት ተጋሪዬ የጥርስ ሕመም የያዘኝ መስሎት ነበር።

መውጫውን ያገኘሁት ከራሴው ፊደል ገበታ ነው። ዲቃላ ፊደላት የሚባሉትን አስታውሱ፤ ኰ፣ ኲ፣ ኳ። ኲ ስንል ከንፈራችን ሞጥሙጦ ይጀምርና ወዲያው ይፈታል። አንድ ቀን የጀርመንኛውን «ወጥ ቤት» ስለማመድ በኲ ጀምሬ ከንፈሬን ሳልፈታ እስከ ድምፁ መጨረሻ ያዝኩት። ወጣ! አስተማሪዬ ራሷን ነቀነቀች። የትም መጽሐፍ ላይ ያላነበብኩት ብልሃት ስለሆነ እኮራበታለሁ፤ ጀርመንኛ የምትጀምሩ ሞክሩት።

ከዚህ ብልሃት በፊት ግን ሱቁ ውስጥ የሆነው ሆኗል። በጀርመንኛ «ማተም» እና «መጫን» የሚባሉት ግሦች የሚለያዩት በሁለቱ ነጥቦች ብቻ ነው። እኛ ደግሞ 231 ፊደል ቢኖረን ሁለቱን የምንለይበት የለንም፤ ሁለቱም «ድሩክን» ሆነው ቁጭ ይላሉ። በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ማተሚያው ወረቀት ነከሰ። አለቃዬ ከጓዳ ሆኖ «ድሩክን!» ብሎ ጮኸ። ክዳኑን ተጫነው ማለቱ ነበር። እኔ እትም ያለኝ መስሎኝ ትእዛዙን ደግሜ ላክሁ። ደርሶ እስኪያጠፋው ድረስ ማሽኑ ያንን የነከሰውን ወረቀት እንደ ድርቆሽ አኘከው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለው ተረት ለኅትመት ቤት የተተረተ ይመስላል።

ባለ ነጥቧ አ ከሦስቱ ደግ ናት፤ ለእኛ ጆሮ ኤ ናት ማለት ይቻላል። ገንዘብ «መክፈል» በአ፣ «መቁጠር» በኤ ነው፤ ቀላል። ግን እርሷም አንድ ቀልድ አላት። ስለ አገራችን የሚጽፉ ምሁራን የግዕዙን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ቤት ድምፅ በላቲን ሲጽፉ የሚጠቀሙት እርሷኑ ነው። ሐምቡርግ ላይ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ጥራዝ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካም እንዲሁ ያደርጋል። እናም የአጻጻፍ ሥርዓቱን የማያውቅ ጀርመናዊ ያንን መጽሐፍ ገልጦ «ከበደ» የሚለውን ሲያነብ «ኬቤዴ» ይላል። በምኖርባት የጀርመን ከተማ፣ በካሰል፣ የተወለደ አንድ ሰው በፊቴ እንዲያነበው አድርጌ ብዙ ሥቄያለሁ።

የእርሳስ ፊደል በመዳፌ

አለቃዬ በወጣትነቱ ፊደል ለቃሚ ነበር፤ ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ የማተሚያ ፊደላትን እየለቀመ የሚደረድር። ጓዳው ግድግዳ ላይ ከዚያ ዘመን የተረፈ የእንጨት መሳቢያ ሰቅሏል፤ በየክፍሉ የእርሳስ ፊደላት አሉ። አንድ ሥራ የቀዘቀዘበት ከሰዓት በኋላ ከመሳቢያው አንዲት አንሥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከምታስቡት በላይ ትከብዳለች። «ተመልከት፣ ሁለት ፊደላት ናቸው፤ ተቃቅፈው ነው የፈሰሱት» አለኝ።

እውነት ነው። በጥንቱ የጀርመን ኅትመት ጽሕፈት ረጅም ኤስ የሚባል ቀጥ ያለ ፊደል ነበር። እርሱ ከትሴት፣ ከጀርመኖቹ ዜድ፣ ጋር ተጣብቆ ነው ይህችን የፈጠራት፤ ስሟም «ኤስ» እና «ትሴት» ተቀጥለው ኤስትሴት የሆነው ለዚህ ነው። ሁለቱ ነጥቦችም ቢሆኑ ጌጥ አይደሉም። መጀመሪያ ከአናባቢው ራስ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ኤ ነበረች። በድሮው የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ኤ የሚጻፈው በሁለት ቀጥ ያሉ ጭረቶች ስለነበር፣ ጭረቶቹ እያጠሩ እያጠሩ ነጥብ ሆኑ። ፓስፖርት ላይ ማሽን የሚያነበው የታችኛው መስመር ነጥቦቹን ትቶ ኤን ከአናባቢው ቀጥሎ የሚጽፈው፣ የገጣሚው የጎተ ስምም እስከ ዛሬ እንዲያ የሚጻፈው፣ ከዚያው ምንጭ ነው። ያየሁት ሁሉ የተረሳ ፊደል ጠባሳ ሆኖ ተገኘ። የእኛን ሁለት ነጥብ አሰብኩ፤ ቃልን ከቃል የሚለየውን ማለቴ ነው። እርሱን ዘመን መጣና ባዶ ቦታ ተካበት፤ አባቴ ብቻ በደብዳቤው ላይ እስከ ዛሬ ይጥላል።

አለቃዬ ቀጠለ። እርሱ ልጅ ሳለ ይህችን ፊደል ኤስትሴት ብሎ የሚጠራት አልነበረም። አንዳንዱ «ስለታሙ ኤስ» ይላል፤ አንዳንዱ «ጎባጣው ኤስ» ይላል፤ የእርሱ አስተማሪ ግን «ሻንጣ ያዘለው ኤስ» ይሉት ነበር። በጀርባው ሻንጣ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው አድርጎ ማየት ነው።

ከወንበሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ! ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያልን ሞክሼ ፊደላትን በቅጽል ስም የምንጠራ። ለካ ድምፁ ሲያምታታ ሰው ሁሉ ፊደልን እንደ ጎረቤት ልጅ በመልኩ ይጠራዋል።

ከንጉሡ ቤት

አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ዳዊት ደግሟል፤ ቅኔ ቤትም ጥቂት ከርሟል። ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ ዕድሜውን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ጨረሰ። ስሙ ሥዩም ነው። በ1995 ዓ.ም. ስለ ጡረታው ጉዳይ ማመልከቻ ጽፎ እንድመታለት ሰጠኝ፤ እኔም ከደንበኞች መሐል አስገብቼ መታሁለት። «ስዩም» ብዬ። በምንጠቀምበት ፕሮግራም ንጉሡን ሠ ለማግኘት አንድ ቁልፍ መጨመር ያስፈልግ ነበር፤ በቀን አርባ ገጽ የሚመታ ሰው ደግሞ ያቺን አንዲት ቁልፍ መቆጠብ ይለምዳል።

አባቴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አነበበ። ራስጌው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ከንጉሡ ቤት አውጥተህ እሳት ውስጥ ጨመርከኝ» አለኝ።

ሥቄ «አባዬ፣ ድምፁ እኮ አንድ ነው» አልኩት።

«ለአንተ ጆሮ። ሥዩም የተሾመ ማለት ነው፤ ዘመዱ ሢመት ነው። ይህ አንተ የጻፍከው ስዩም ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አባቱንም አላውቀው።» ከዚያ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ጸሐፊ ያበላሸዋል» እያለ ስሙ ያለበትን ሦስት ቦታ ሰርዞ ከላይ በንጉሡ ሠ ጻፈው። ደግሜ ላትምልህ ብለው እምቢ አለ። «ይታይ» አለ። ማመልከቻው ከነጠባሳው ገባ።

ያኔ የሽማግሌ ግትርነት ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲያውም ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ወገን ደጋፊ ነበርኩ፤ ጣቴ የሚደግፈው እርሱን ነው። አንድ ድምፅ፣ አንድ ፊደል። ምኑ ይከፋል? አሁንም ቢሆን ልቤ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ አራት የሀ ዓይነት ድምፅ ለምን እንደሚማሩ ሲጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም።

የጀርመኖቹ ደንብ ከእኛ የተሻለ መስሎ ታይቶኝ የነበረውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የአጻጻፍ ማሻሻያ ካደረጉ በኋላ ነገሩ ተስተካክሏል፤ ከአጭር አናባቢ በኋላ ሁለት ኤስ፣ ከረጅም አናባቢና ከተጣመረ አናባቢ በኋላ ኤስትሴት። «ወንዝ» አጭር ነውና በሁለት ኤስ፣ «እግር» ረጅም ነውና በኤስትሴት። የምንኖርባት ካሰል ራሷ በሁለት ኤስ የምትጻፈው አዋ አጭር ስለሆነች ነው። ንጹሕ ሥራ ነው። ስዊሶች ደግሞ ጭራሹን ሻንጣውን ጥለው ሁሉንም በሁለት ኤስ ይጽፋሉ፤ ሰማይ አልተደፋባቸውም። ካሰልም እስከ እ.ኤ.አ. 1926 የስሟ መጀመሪያ በሌላ ፊደል፣ በሲ፣ ሲጻፍ ኖሮ ነው የተቀየረው፤ ከተማዋ ግን እዚያው ናት። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ወይዘሮ ቫይስ ፊት የተናገርኩት ከዚህ ሁሉ ዕውቀት ጋር ነው።

የወፍጮ ቤቱ ሰዎች

«ስለ ድምፁ አልተናገርኩም» አሉኝ ወይዘሮ ቫይስ።

አልተቆጡም። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ፤ ከካሰል ወጣ ብላ ስላለች መንደራቸው ይነግሩኝ ጀመር። እዚያች መንደር ሁለት የቫይስ ቤተሰቦች ነበሩ። አንዱ ወፍጮ ቤት ያለው ነው፤ በሁለት ኤስ ይጻፋል። ሌላው የባለቤታቸው ነው፤ በኤስትሴት። በጋብቻም በደምም አይገናኙም። ስሙን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው የትኛውን እንደጠራ የሚታወቀው ማን ዞሮ እንዳየ ነው። «ለአርባ ዓመት ደብዳቤያችን እነርሱ ቤት ሲገባ ኖሯል» አሉ። «የእነርሱ ሒሳብ ደግሞ እኛ ቤት ይመጣ ነበር። አሁን ይህን ካርድ ብልክ የሞተው የወፍጮ ቤቱ ነው ይሉኛል።»

ያ ንጹሕ ደንብ እዚያ ላይ ተሰበረብኝ። በቫይስ ውስጥ ያለው አናባቢ የተጣመረ ነው፤ በደንቡ መሠረት ኤስትሴት ይገባዋል። ማሻሻያው ግን የሰው ስም አልነካም፤ በሁለት ኤስ የተመዘገበ በሁለት ኤስ፣ በአንዷ የተመዘገበ በአንዷ ይኖራል። በጆሮ አንድ ናቸው፤ ምንም፣ ምንም ልዩነት የለም። ልክ እንደ ሠ እና ሰ። ፊደሏ እዚህ ላይ ድምፅ መናገሯን ትታለች፤ የምትናገረው የማን ልጅ እንደሆነ ነው። «አባቱንም አላውቀው» ያለው አባቴ ማመልከቻውን በመስኮቱ ብርሃን ይዞ ታየኝ።

«ሄር ዛዩም፣ አይቻልም እንዴ?» አሉኝ።

ሄር ዛዩም እኔ ነኝ። የአባቴ ስም እዚህ አገር የቤተሰብ ስሜ ነው። ጀርመኖች በቃል መጀመሪያ ያለውን ኤስ አናባቢ ሲከተለው ዘ ብለው ያነቡታል፤ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ፊደላት ደግሞ አይ ይሏቸዋል። የአባቴ ስም የሚጀምርበትን ስለታም ድምፅ የምትይዘው ኤስትሴት ናት፤ እርሷ ግን ቃል ጀምራ አታውቅም። ትልቅ መልክ ሳይሠራላት የኖረችውም ለዚሁ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የማይቆም ፊደል ምን ትልቅነት ያሻዋል? እናም በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሐኪሙ፣ የባንኩ ሠራተኛ፣ አለቃዬ ሳይቀር ዛዩም ሲሉኝ አንድ ቀን አላረምኩም። እስክሪብቶ አላወጣሁም። ድምፁ እንኳ አንድ ባልሆነበት!

«ይቻላል» አልኳቸው።

ይቻል እንደሆነ ገና እርግጠኛ አልነበርኩም። የጀርመንኛ አጻጻፍን የሚወስነው ምክር ቤት ለኤስትሴት ትልቅ ፊደል የፈቀደው እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 2017 ነው። ዩኒኮድ ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ቁጥር ሰጥቷት ነበር፤ 7838። ፎንት ሠሪዎች ግን ሁሉም አልደረሱላትም። ወይዘሮዋ የመረጡት ቀጭንና የሚያምር ፎንት አልነበራትም፤ ፕሮግራሙ ከሌላ ፎንት ተበድሮ አስገባት። ከቀጫጭኖቹ መሐል እንደ ጠገበ ሰው ተንሰራፍታ ተቀመጠች። ትንሿን ኤስትሴት ከትልልቆቹ ጋር ባሰልፍ ደግሞ የተጎተተ ቢ መሰለች። ስሙን በትልቅ ጀምረን በትንንሽ እንጨርሰው ብዬ ለመንኳቸው። «መቃብሩ ድንጋይ ላይ በትልልቁ ነው የሚቀረጸው፤ ካርዱም እንደ ድንጋዩ ይሁን» አሉ። ድንጋይ ጠራቢው እንደሚችል አረጋግጠው ነው የመጡት። ድንጋይ ጠራቢ የቻለውን ኮምፒውተር አቃተው ልላቸው አፈርኩ።

ማምሻውን ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ቀርቼ ፎንቶችን አንድ በአንድ ከፈትኩ፤ 7838 እየመታሁ። ባዶ ሣጥን፣ ባዶ ሣጥን፣ የተበደረ፣ ባዶ ሣጥን። ወደ አንድ ሰዓት ገደማ አንዱ ውስጥ አገኘኋት። ሰፊ ትከሻ አላት፤ ከኤ እና ከኢ ጎን ቆማ የምታሳፍር አይደለችም። በማግስቱ ወይዘሮ ቫይስ መጡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ አነበቡ። ምንም አላሉም። 60ውን ካርድ አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ከፍለው፣ ሄዱ።

ባለ ሁለት ኤሱ ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቶ ነበር። ከጀርባው 0228፣ 0246፣ 0252፣ 0223 ብዬ ጽፌ 7838ን ጨመርኩበትና ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩት። ቆይቼ ከሁሉ በታች 4645 ብዬ ጻፍኩ። ይህኛው ሥ ነው፤ ስ 4661 ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ናቸው ብሎ አያውቅም፤ ፋይል ውስጥ አንዱን ብትፈልጉ ሌላውን አያመጣላችሁም።

እሑድ ለአባቴ ስደውልለት ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኩት። እርጅና ጆሮውን ያዝ አድርጎታል፤ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ወፍጮ ቤቱ ላይ ሣቀ። የፊደሏን ስም ጠየቀኝ፤ ሻንጣ ያዘለው ኤስ ስለው ወደደው፤ ለራሱ ደጋግሞ አለው። ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና ጠየቀኝ።

«ታዲያ አስተካከልክላቸው?»

«አስተካከልኩላቸው።»

«በእስክሪብቶ?»